መጋዙ ለምን ይቀረቀራል፣ ለምን ከመስመር ይወጣል? የመጋዝ ጥርስ አከፋፈትና አስተካከሉ

መጋዝ እንጨት ውስጥ ሲቀረቀር ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናደርገው ጥርሱን የበለጠ መክፈት፣ ማለትም ጥርሶቹን በየተራ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማጠፍ ነው። ካቻቢቴ በጥርስና በጥርስ መካከል እናስገባና ጠምዘዝ፣ ጠምዘዝ እያደረግን እስከ ጫፉ እንሄዳለን። መጋዙ ወዲያው ይለቃል፤ እኛም የተስተካከለ ይመስለናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ግን ከአከፋፈቱ ጋር አናያይዘውም። ቁርጡ ይሻክራል፣ መስመሩ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ ክንድ ቶሎ ይዝላል። እኔም ሥራውን ስለምድ በዚህ መንገድ ከአንድ ጥሩ መጋዝ ላይ አራት ጥርስ ሰብሬያለሁ። ያስተማሩኝ አናጺ መጋዙን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ለመሆኑ ከመክፈትህ በፊት ስለቱን አይተኸዋል?» አላየሁትም ነበር። መጋዙ የተቀረቀረው ስለዶለዶመ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ይዣለሁ። ጥርስ የሚከፈተው እንጨቱ ግድ የሚለውን ያህል ብቻ ነው። ከመጠኑም በላይ የሚያሳስበው የግራውና የቀኙ እኩል መሆን ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁሉ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ነው።

ጥርስ ለምን ይከፈታል?

መጋዙን ከጫፉ በኩል አንድ ዓይን ጨፍነው ቢመለከቱት አንዱ ጥርስ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ ዘመም ብሎ ያዩታል። ስለዚህ ጥርሶቹ የሚቆርጡት መንገድ ከላሜራው (ከመጋዙ ዝርግ ብረት) ውፍረት ትንሽ ይሰፋል፤ ላሜራውም ጎኑ ሳይታሽ ይመላለሳል። ነገሩ ጥንታዊ ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እርጥብ እንጨት የመጋዝን ጥርስ በሰጋቱራ እንደሚደፍን፣ ጥርሶቹ በየተራ ግራና ቀኝ የሚታጠፉትም ለዚህ እንደሆነ ጽፏል።

በቁጥር እንየው። የተለመደው 26 ኢንች (66 ሳንቲ ሜትር ገደማ) የእጅ መጋዝ የላሜራው ውፍረት 0.9 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ጥርሱ በእያንዳንዱ ጎን 0.15 ሚሊ ሜትር ቢከፈት የሚቆርጠው መንገድ 1.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በካቻቢቴ ተጠምዝዞ በየጎኑ 0.35 ቢደርስ ደግሞ 1.6 ይሆናል። ልዩነቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ነገር ግን ከ1.2 ላይ አንድ ሦስተኛ ነው። በእያንዳንዱ ቁርጥ አንድ ሦስተኛ ተጨማሪ እንጨት ወደ ሰጋቱራ እየለወጥን ነው፣ ያውም በገዛ ክንዳችን ጉልበት። ቀኑን ሙሉ የሚቆርጥ ሰው ማታ ትከሻው ላይ የሚሰማው ይህን ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው የአከፋፈት ሁለተኛ ሥራ መጋዙን ለመምራት ማስቻሉ ነው። ጥርሱ ጨርሶ ካልተከፈተ ላሜራው በጠባቡ መንገድ ውስጥ ይታሰራል፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምልልሶች በያዙት አቅጣጫ ይሄዳል እንጂ እጅ ቢያርመው አይታረምም። ከመጠን በላይ ሲከፈት ደግሞ ላሜራው በሰፊው መንገድ ውስጥ ይዋኛል። ግራና ቀኝ የሚደግፈው ግድግዳ ስለሌለ ትንሽ የእጅ መወላገድ ሁሉ ቁርጡ ላይ ይታያል። ጀርባው ብረት የለበሰው ትንሹ የማጋጠሚያ መጋዝ በጣም ጥቂት ብቻ የሚከፈተው ለዚህ ነው፤ ላሜራው ራሱ መሪ ይሆናል። ጠመዝማዛ ቅርጽ የሚያወጣው ቀጭን መጋዝ ግን እንዲዞር ቦታ ያስፈልገዋልና ከፍ ያለ አከፋፈት ይፈልጋል።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ይህ መጋዝ የሚከፈት ነው?

ዛሬ በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ ከሚሸጡት የፕላስቲክ እጀታ መጋዞች አብዛኞቹ የጥርሳቸው ጫፍ በኤሌክትሪክ ሙቀት የጠነከረ ነው። ሲያዩት የጥርሱ ጫፍ ከቀረው ላሜራ ጠቆር ወይም ሰማያዊ ይላል። እርግጠኛ ለመሆን በመጨረሻው ጥርስ ላይ፣ በእጀታው በኩል፣ ሞረድ ቀስ አድርገው ያስኪዱ። ሞረዱ ከነከሰ ብረቱ የሚሞረድ ነው። ከተንሸራተተና ቀጭን የብርጭቆ ዓይነት ድምፅ ካወጣ የጠነከረ ነው፤ እንዲህ ያለው ጥርስ ሲታጠፍ ይሰበራል። አይሞክሩት። ከመጠን በላይ የተከፈተ ሆኖ ካገኙት ግን ጎኑን በመሳያ ድንጋይ ጥቂት መቀነስ ይቻላል፤ አሠራሩን ወደ ታች እናገኘዋለን።

የሚሞረድ መጋዝ የሚፈልግ ሰው እንደ ምናለሽ ተራ ያሉትን ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥባቸውን ቦታዎች ቢቃኝ አይቆጭም። የእንጨት እጀታ ያላቸው የድሮ መጋዞች ከዝገታቸው በታች ብዙ ጊዜ ጥሩ ብረት ናቸው። በካሊፐር (ባለ መንጋጋ ውፍረት መለኪያ) የጀርባውንና የጥርሱን በኩል ውፍረት ያወዳድሩ። በድሮ ጊዜ እንደ ዲስተን ያሉ ፋብሪካዎች (ሄንሪ ዲስተን እ.ኤ.አ. በ1840 በፊላደልፊያ የጀመረው) የተሻሉትን መጋዞች ላሜራቸው ወደ ጀርባው እየሳሳ እንዲሄድ አድርገው ይሠሯቸው ነበር። እንዲህ ያለው ላሜራ ጀርባው እንጨቱን ስለማይነካ በጥቂት አከፋፈት ይሠራል። ካገኙ አይልቀቁት።

ቁርጡን ማንበብ

ምንም ከመንካትዎ በፊት መጋዙ የቆረጠውን እንጨት ይመልከቱ። ደረቅና ቀጥ ያለ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ጣውላ ያስሩ፣ በስኳድራ መስመር ያስምሩና ሳይገፉ፣ ሳያርሙ 10 ሳንቲ ሜትር ይቁረጡ።

መጋዙ ከተቀረቀረ አከፋፈቱን ከመክሰስዎ በፊት ሦስት ነገር ያጣሩ። አንደኛ፣ ስለቱ። ጥርሱን ወደ ብርሃን ቢያዞሩት የዶለዶመ ጫፍ እንደ ትንሽ ነጭ ነጥብ ያበራል፤ የተሳለ ጫፍ አያበራም። ሁለተኛ፣ የላሜራው ጎን። ዝገትና የደረቀ ሙጫ ብቻውን መጋዝ ያስቀረቅራል። ሦስተኛ፣ እንጨቱ ራሱ። በባህር ዛፍ የሠራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ግንዱ ሲያድግ በውስጡ የተጠራቀመው ውጥረት ርዝመቱን ሲሰነጥቁት ይለቀቃል፤ የተሰነጠቀው ወገን አንዳንዴ ይፈነቀላል፣ አንዳንዴም መልሶ ይገጥማል። ሲገጥም የትኛውም አከፋፈት አያድንም። መፍትሔው ከመጋዙ ኋላ በመንገዱ ውስጥ ቀጭን የእንጨት ሽብልቅ እያስገቡ መሄድ ነው። መቆሚያዎቹ ላይ የተጋደመ ጣውላ መሐሉን ሲቆርጡትም እንዲሁ ነው። ወደ ታች ይጎብጥና መጋዙን ይነክሰዋል፤ መደገፊያውን ማዛወር ይበቃል።

እነዚህ ሦስቱ ደህና ከሆኑና መጋዙ አሁንም ከተቀረቀረ፣ ላሜራውንም ሲነኩት ከሞቀ፣ ያኔ ጥርሱ ተዘግቷል ማለት ነው። መዘጋቱም ልማዳዊ ምክንያት አለው። ከሁሉ ይበልጥ ዘመም ያለው የጥርሱ ጫፍ ነው። በሞረድን ቁጥር ያንን ጫፍ እየቆረጥን እንጥለዋለን፤ ስለዚህ ከሦስት ወይም ከአራት ሙረዳ በኋላ አከፋፈቱ ያልቃል። በየሙረዳው መክፈት አያስፈልግም የሚባለውም ለዚህ ነው።

የቁርጡ ፊት እንደ ማበጠሪያ በተደረደሩ ጭረቶች ከተሞላ፣ የታችኛው ጠርዝ ከተቦጨቀ፣ መጋዙም በመንገዱ ውስጥ ከተንኳኳ ጥርሱ ከመጠን በላይ ተከፍቷል። ጭረቱ አልፎ አልፎ ብቻ ጎልቶ ከታየ ችግሩ የአንድ ወይም የሁለት ጥርስ ነው። እነሱን ፈልጎ መመለስ እንጂ መጋዙን ሁሉ መነካካት አይገባም።

ከመስመር መውጣት ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። መጋዝ የሚሄደው ጥርሱ የበለጠ ወደ ተከፈተበት ጎን ነው። የቀኙ ጥርሶች 0.2፣ የግራዎቹ 0.1 ቢሆኑ በቀኝ በኩል ብዙ ቦታ ስለሚያገኝ ቁርጡ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። አንዱ ወገን ከሌላው የተሳለ ወይም የረዘመ ሲሆንም እንዲሁ ነው። ግን ጥፋቱን መጋዙ ላይ ከማድረግዎ በፊት ሌላ ሰው በዚያው መጋዝ እንዲቆርጥ ያድርጉ። በሁለታችሁም እጅ ወደ አንድ ጎን ከሄደ መጋዙ ነው። በእርስዎ እጅ ብቻ ከሄደ አቋቋምዎና ክርንዎ ነው።

ስንት ይከፈት?

ከታች ያሉት በኢንች 7 ወይም 8 ጥርስ ላለው፣ 0.9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው መጋዝ የምነሣባቸው ቁጥሮች ናቸው። ሁሉም በአንድ ጎን የሚለኩ ናቸው።

ለደረቀ ዋንዛና ለደረቀ ጽድ ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር።
ለደረቀ ባህር ዛፍ 0.15።
በደንብ ላልደረቀ የፈረንጅ ጽድና ለመሳሰለው ለስላሳ እንጨት 0.2።
ትናንት ለተቆረጠ አጣና ከ0.25 እስከ 0.3።

እርጥብ እንጨት ለምን ይህን ያህል ይጠይቃል? በውኃ የተሞላው የእንጨቱ ክር በጥርሱ ፊት በንጽሕና ከመቆረጥ ይልቅ ይጎነበሳል፤ ጥርሱ ካለፈ በኋላ ደግሞ ቀና ይላል፤ ላሜራውንም ያሻል። ሰጋቱራውም እርጥብ ስለሆነ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ጎድጓዳ ይሞላል፣ ወደ ጎንም ይሾልክና ይጣበቃል። ደረቅ ጠንካራ እንጨት ግን ቦታውን ይዞ ስለሚቆረጥ ጥቂት ይበቃዋል።

እንደ ልጓም የምይዘው አንድ መለኪያ አለ። የመንገዱ ስፋት ከላሜራው ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ እንዳይበልጥ። ለ0.9 ላሜራ 1.35 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ይህን የማልፈው ለእርጥብ አጣና ብቻ ነው። የማጋጠሚያው ትንሽ መጋዝ ላሜራው 0.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ በየጎኑ ከ0.05 እስከ 0.1 ይበቃዋል፤ ለምላስና ለጎድጓዳ ማጋጠሚያ የሚቆረጠው እንጨት ሁልጊዜ ደረቅ ስለሆነ ተጨማሪ የሚያስከፍት ምክንያት የለውም። ለኮምፔንሳቶና ለኤም ዲ ኤፍ በሙጫው ምክንያት ስለቱ ቶሎ ይጠፋልና የተሞረደ መጋዝዎን ባያባክኑበት ይሻላል፤ የጠነከረ ጥርስ ያለው የመደብር መጋዝ ቦታው ይህ ነው።

እንዴት ይለካል?

በካሊፐር መጀመሪያ የላሜራውን ውፍረት ከጥርሱ ሥር ትንሽ ዝቅ ብለው ይለኩ። ቀጥሎ የካሊፐሩን መንጋጋዎች ጠፍጣፋ አድርገው ብዙ ጥርሶችን እንዲያቅፉ በጥርሱ ላይ ያሳርፉ። ልዩነቱን ለሁለት ያካፍሉ። በእጀታው በኩል፣ መሐል ላይና ጫፉ ላይ ይድገሙት። ካሊፐሩ የሚነግርዎ በዚያ ቦታ ከሁሉ የወጣውን ጥርስ ነው። ስለዚህ በየቦታው የተለያየ ቁጥር ካገኙ አከፋፈቱ ዝብርቅርቅ ነው ማለት ነው።

ካሊፐር ከሌለ ወረቀት አለ። የተለመደው ባለ 80 ግራም የቢሮ ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል። የብረት ማስመሪያ ጠርዝ በአንዱ ጎን በጥርሶቹ ጫፍ ላይ ያስደግፉና ከማስመሪያውና ከላሜራው መካከል ወረቀት ለማሾለክ ይሞክሩ። አንድ ወረቀት አልፎ ሁለት ካላለፈ ከ0.1 እስከ 0.2 መካከል ነዎት። ይህ ዘዴ ከካሊፐር የሚበልጥበት ነገር አለ። ካሊፐር ድምሩን ሲሰጥ ወረቀት ግራና ቀኙን ለየብቻ ያሳያል። ከመስመር ለሚወጣ መጋዝ የሚያስፈልገን ደግሞ ይኸው ነው።

አሠራሩ

የሚያስፈልጉት፦ ሞርሳ፣ ሁለት ቀጥ ያሉ የእንጨት ቁራጮች (ላሜራውን ግራና ቀኝ ለመያዝ)፣ ጠፍጣፋ ሞረድ፣ ለጥርሱ የሚመጥን ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ፣ የጥርስ መክፈቻ ፒንሳ፣ ጥሩ መሳያ ድንጋይ፣ ማርከር እስክሪብቶና ብርሃን። ብርሃኑን አይናቁት። ይህ ሥራ በዓይን የሚሠራ ነው፤ በመስኮት አጠገብ ጠዋት የተሠራና በጨለመ ጓዳ ማታ የተሠራ መጋዝ አንድ አይሆኑም።

1. ያጽዱ። ላሜራውን በነጭ ጋዝ አርሰው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ርዝመቱን ተከትለው ያሹ። የባህር ዛፍና የጽድ ሙጫ በጥርሶቹ ሥር ተደብቆ ይቀራልና በብሩሽ ያውጡት።

2. የጥርሶቹን ቁመት እኩል ያድርጉ። ላሜራውን በሁለቱ እንጨቶች መካከል አድርገው ሞርሳ ላይ ያስሩ። ጠፍጣፋውን ሞረድ በጥርሶቹ ጫፍ ላይ ቀጥ አድርገው ከእጀታው እስከ ጫፉ ያስኪዱት። በሁሉም ጥርስ ላይ ትንሽ የሚያበራ ነጥብ እስኪታይ ድረስ ብቻ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ግን የረዘመ ጥርስ መክፈቻው ላይ ሲገባ ከአጭሩ የተለየ ይታጠፋል። ከዚህ በኋላ የሚሠራው ሁሉ እኩል የሚሆነው ቁመቱ እኩል ከሆነ ነው።

3. ቅርጹ የተበላሸ ጥርስ ካለ በባለ ሦስት ማዕዘኑ ሞረድ መልክ ያስይዙት። ለመሰንጠቂያ የሚሆን መጋዝ የጥርሱ ፊት ቀጥ ብሎ ወደ መቆም ያደላል። ለአግድም መቁረጫ ደግሞ ፊቱ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ሞረዱም በማዕዘን ስለሚገባ የጥርሱ ጫፍ እንደ ቢላ ይሆናል። በዚህ ደረጃ ስለቱን ለመጨረስ አይድከሙ። መክፈት የሚቀድመው የመጨረሻውን ስለት ነው፤ ከተሳለ በኋላ ከተከፈተ የፒንሳው ምት አዲሱን ስለት ያበላሸዋል።

4. ይክፈቱ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ።

የመክፈቻ ፒንሳ አሠራሩ ቀላል ነው። እጀታው ሲጨመቅ አንዲት ትንሽ የብረት መዶሻ ጥርሱን ገፍታ ጠርዙ በተቀረጠ ክብ ብረት ላይ ታጥፈዋለች። በክቡ ብረት ላይ ብዙ ጊዜ ቁጥር ተቀርጿል፤ እንደ ኤክሊፕስ 77 ያሉት ላይ ቁጥሩ በኢንች ያለውን የጥርስ ብዛት የሚከተል ነው። ቁጥሩን እንደ መነሻ እንጂ እንደ ሕግ አይውሰዱት፤ ለደረቀ ጠንካራ እንጨት ቁጥሩ ከሚለው ያነሰ አከፋፈት ነው የምፈልገው። ሁልጊዜ ትንሹን ከሚከፍተው ይጀምሩ። ያነሰን መጨመር ቀላል ነው፤ የበዛን መመለስ ግን ጥርስ ያደክማል።

መጀመሪያ ጥርሶቹን በማርከር አንዱን እየዘለሉ ቀለም ይቀቡ፤ ቀለሙ የት እንደደረሱ ይነግርዎታል። ከእጀታው በኩል ይጀምሩና ከእርስዎ ወደ ወዲያ ዘመም ያሉትን ብቻ፣ አንዱን እየዘለሉ እስከ ጫፉ ይሂዱ። ከዚያ መጋዙን አዙረው የቀሩትን ያድርጉ። ጥርስን ቀድሞ ከታጠፈበት በተቃራኒው ፈጽሞ አያጥፉ፤ ብረቱ ይደክምና ከሥሩ ይቆረጣል። እኔ የሰበርኳቸው አራቱም የተሰበሩት በዚህ ነው።

የሚታጠፈው የጥርሱ የላይኛው ሲሶ፣ ቢበዛ ግማሹ ነው። ፒንሳው ዝቅ ብሎ ሥሩን ከመታው ወይ ጥርሱ ይሰበራል ወይ ላሜራው ራሱ ይወላገዳል። በኢንች ከ12 በላይ ጥርስ ባለው መጋዝ ላይ የፒንሳዋ መዶሻ ከጥርሱ ልትሰፋና ጎረቤቱን ልትገፋ ትችላለች። እንዲህ ከሆነ መዶሻዋን በሞረድ ጠበብ ማድረግ ይቻላል፤ ለዚህ ሥራ ብቻ የምትውል ሁለተኛ ፒንሳ ቢኖር ደግሞ የተሻለ ነው። ለሁሉም ጥርስ የእጅዎ ጭመቃ አንድ ይሁን። ፒንሳው እስኪቆም ይጨምቁ፣ ይልቀቁ፣ ይቀጥሉ። ደጋግሞ መጨመቅ አያስፈልግም። ስልክ ከጠራ የያዙትን ጎን ጨርሰው ያንሱት።

ፒንሳ የሌለውስ? ካቻቢቴ መጠምዘዝ ሁለት ጎረቤት ጥርሶችን በአንድ ጊዜ ግራና ቀኝ ስለሚገፋ ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን ጉልበቱ አይለካም፣ ጥርሱም የሚታጠፈው ከሥሩ ነው። የተሻለው መንገድ የብረት ቁራጭን ጠርዝ በሞረድ ጥቂት ዘቅዘቅ አድርጎ ጥርሱን እዚያ ላይ ማሳረፍና በጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ቀጭን ብረት በትንሽ መዶሻ እኩል እኩል መምታት ነው። ዘቅዘቁ ጥርሱ ከሚገባው በላይ እንዳይሄድ ይከለክለዋል። ቀርፋፋ ነው፤ ግን ይሠራል።

5. ይሳሉ። አሁን በባለ ሦስት ማዕዘኑ ሞረድ እያንዳንዱን ጎድጓዳ እኩል ብዛት ባለው ምት፣ ሁለት ወይም ሦስት፣ ወደ ፊት ብቻ እየገፉ ይሞርዱ። በደረጃ 2 የወጣው የሚያበራ ነጥብ የጠፋበት ቅጽበት መቆሚያዎ ነው። አንዱን ወገን በሦስት ምት፣ ሌላውን በሁለት መሞረድ ራሱ መጋዙን ወደ አንድ ጎን ይወስደዋል።

6. ጎኑን በድንጋይ ያስተካክሉ። ሞረድ በጥርሱ ማዶ ጎን ቀጭን የብረት ጢም ይተዋል። መጋዙን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው መሳያ ድንጋዩን ዘይት ቀብተው ላሜራው ላይ ጠፍጣፋ ያሳርፉ። በራሱ ክብደት ያህል ብቻ፣ ከእጀታው እስከ ጫፉ አንድ ጊዜ ያስኪዱት። ገልብጠው ሌላውንም አንድ ጊዜ። ይህች አንድ እርምጃ ጢሙን ታነሣለች፤ ከመስመር የወጡትንም ጥርሶች ከሌሎቹ ጋር ታስተካክላለች። ከፒንሳው በኋላ ለቁርጥ ጥራት ከሁሉ የሚበልጥ ለውጥ ያየሁት በዚህች እርምጃ ነው፤ እስኪለምዱት ግን ከአንድ በላይ አያስኪዱ።

ሙከራና እርማት

ለአግድም መቁረጫ መጋዝ አንድ የቆየ መፈተኛ አለ። በሁለቱ የጥርስ ረድፎች መካከል እንደ ቦይ ያለ መስመር ይፈጠራል። መጋዙን ጥርሱን ወደ ላይ አድርገው ወደ ጫፉ ዘቅዘቅ ያድርጉት፣ ቀጭን የልብስ መርፌ በቦዩ ውስጥ ያስቀምጡ። መርፌው ሳይወድቅ እስከ ጫፉ ከተንሸራተተ አከፋፈቱና ስለቱ እኩል ናቸው። ከወደቀ የወደቀበትን ቦታ ይመልከቱ፤ የተዘለለ ወይም የተዘጋ ጥርስ አያጡም።

ከዚያ የእንጨት ሙከራ። እንደ መጀመሪያው መስመር አስምረው 10 ሳንቲ ሜትር ሳያርሙ ይቁረጡ። ቁርጡ ወደ ቀኝ ከሄደ ድንጋዩን በቀኙ ጎን አንድ ጊዜ ያስኪዱና እንደገና ይቁረጡ። አንድ ጊዜ ድንጋይ፣ አንድ ቁርጥ። ሦስት ጊዜ ተደርጎም ካልቀና ችግሩ ድንጋይ የሚፈታው አይደለም፤ አንዱ ወገን በደንብ ስላልተከፈተ ወደ ፒንሳው ይመለሱ፣ የተዘጋውን ወገን ይክፈቱ። የተከፈተውን እየቀነሱ ወደ ተዘጋው ማውረድ ጥርሱን ያሳሳዋል።

ሁለቱም ጎን ከመጠን በላይ ከተከፈተስ? ጠርዛቸው ልሙጥ የሆነ መንጋጋ ያለው ሞርሳ ይፈልጋል። በላሜራው ግራና ቀኝ፣ ከጥርሶቹ ሥር ልክ ዝቅ ብሎ፣ አንድ አንድ ወረቀት ያስቀምጡ፤ ጥርሶቹ ራሳቸው ከወረቀቱ ውጭ ይሁኑ። አሁን ሞርሳውን ያጥብቁ። መንጋጋው ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ይቆማል፤ ጥርሶቹም ከላሜራው የወረቀቱን ውፍረት ያህል ብቻ ወጥተው ይቀራሉ። ብረት ትንሽ ተመልሶ ስለሚነሣ የሚገኘው ከ0.1 ጥቂት ከፍ ያለ ነው፤ ለደረቀ ዋንዛ የምፈልገው ልክ ይኸው ነው። የመንጋጋውን ስፋት ያህል እየተራመዱ እስከ ጫፉ ይሂዱ። በካቻቢቴ የተጎዳ መጋዝ በእጄ ሲገባ መጀመሪያ የማደርገው ይህን ነው። የጠነከረ ጥርስ ያለውን መጋዝ ግን እንዲህ አይጭመቁ፤ እሱን በድንጋይ ብቻ።

አንድ መጋዝ ለእርጥብ አጣናም ለደረቀ ዋንዛም እኩል አይሆንም። ማገርና ቋሚ የሚቆርጥ፣ በር የሚሠራም ሰው ከሆኑ በአንዱ መጋዝ አከፋፈት ላይ ወዲያና ወዲህ ከመዋለል ሁለት ይያዙ። የእኔ የአጣናው መጋዝ እጀታ ላይ ቀይ ቀለም አለ፤ የደረቀ እንጨት መጋዙ ምንም የለበትም። ረዳቴም ሆነ ልጄ «መጋዝ አቀብለኝ» ስል ከአጣናው ክምር አጠገብ ከቆምኩ ቀዩን ያመጣሉ። ሁለቱም ማታ በዘይት ጨርቅ ይታበሳሉ፣ ጥርሳቸው ሌላ ብረት እንዳይነካ በተሰነጠቀ የውኃ ጎማ ቁራጭ ተሸፍነው ይሰቀላሉ።